ፕላስ ኮድ በአዲስ አበባ፦ አንድ ዓመት ተጠቅሜበት ያየሁት

በአዲስ አበባ ድፎ ዳቦ ጋግረን በሞተር ወደየቤቱ የምናደርስ ጥቂት ሰዎች ነን። ሰው ሲሰማው ቀላል ይመስለዋል እንጂ፣ በዚህ ሥራ ከዱቄቱም ከማገዶውም በላይ የሚያደክመን የደንበኛውን ቤት ማግኘት ነው። ለክርስትና የታዘዘ ድፎ በሰዓቱ ካልደረሰ እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሞተረኛው ደግሞ በማያውቀው ሰፈር ቆሞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «አሁን ከፊትህ ምን ይታይሃል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱን ትዕዛዝ በፕላስ ኮድ መመዝገብ ጀመርን። ፕላስ ኮድ ጉግል ያወጣው፣ ማንም ሰው ያለ ምዝገባና ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት የአድራሻ ዘዴ ነው። የሚከተለው ግምገማ ዘዴው በእኛ ከተማ፣ በእኛ ቋንቋና በእኛ ስልክ አነጋገር ምን ያህል እንደሚሠራ የታዘብኩትን የያዘ ነው።

አስቀድሞ ቤታችንን እንዴት እንደምንናገር ላንሣ፤ ማንኛውም የአድራሻ ዘዴ የሚመዘነው ከዚህ ጋር ነውና። አንድ ደንበኛ ሲደውል የሚነግረን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ «ከታክሲ ተራው ወረድ ብለህ ኮብልስቶኑን ያዝ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍ ስትል በግራ በኩል ገባ የሚል ቅያስ አለ፣ ሦስተኛው ጥቁር በር ነው፣ ስትደርስ ደውል፣ ልጅ እልካለሁ።» በዚህ አነጋገር ውስጥ ሰሜን ወይም ደቡብ የሚባል ነገር የለም። ወደ ላይ እና ወደ ታች ግን አለ፤ ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥታ ወደ አቃቂ በምታዘቀዝቅ ከተማ ውስጥ እግር ራሱ አቅጣጫውን ስለሚያውቅ ነው። «ሳይደርስ»፣ «አለፍ ብሎ»፣ «ፊት ለፊት»፣ «ጀርባው ላይ»፣ «ገባ ብሎ» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ርቀትና አቅጣጫ ይዘዋል። «አለፍ ብሎ» ሲባል ሃምሳ ወይም ስልሳ እርምጃ እንደሆነ፣ «ትንሽ ዘልቆ» ሲባል ደግሞ ከዚያ እንደሚረዝም የሚያስረዳ መጽሐፍ ባይኖርም ሁላችንም እናውቀዋለን። «ልጅ እልካለሁ» የሚለው ማሰሪያ ደግሞ ከሁሉም የላቀ ትክክለኛነት አለው።

የሰፈሮቻችን ስም ራሱ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሰባራ ባቡር ስሙን ያገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ተሰብሮ ከቀረበት ቦታ ነው። ካዛንቺስ ኢጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሠሩበት ድርጅት ስም የመጣ ነው፤ ፒያሳም ከእነርሱው ቋንቋ ነው። ባቡሩ የለም፣ ኢጣሊያኖቹም ሄደዋል፣ ስሙ ግን ቤት ያደርሳል። ይሁን እንጂ ምልክቱ ስም ለመሆን ሳይበቃ የፈረሰ እንደሆነ አድራሻው አብሮት ይጠፋል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤት ሲነሣ፣ «ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት» ብለን በደብተራችን የጻፍናቸው አድራሻዎች ትርጉማቸውን ያጡት በአንድ ሰሞን ነው። ዳቦ ቤቱ ከሌለ ፊት ለፊቱ የት ነው? ፕላስ ኮድን በቁም ነገር መመልከት የጀመርኩት በዚያን ጊዜ ነበር።

የቤት ቁጥርስ የለም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። አለ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ቤቶችም በየቀበሌው ተቆጥረው በየበሩ ላይ ቁጥር ተጻፈ። ቁጥሩ ግን ለቀበሌው መዝገብ የሚመች ቆጠራ ነበርና መንገድን ተከትሎ ለሚመጣ እንግዳ ብዙም አይረዳም። ከዚያም በኋላ ቀበሌዎቹ ተዋሕደው ወረዳ ሆኑ፣ ክፍለ ከተሞችም ተደራጅተው ለሚ ኩራ ሲጨመር 11 ደረሱ፤ በመታወቂያችን ላይም «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» የሚል ጽሑፍ ተለመደ። ለመታወቂያ ይበቃ ይሆናል፤ «አዲስ» የሚል ቤት ፈልጎ ድፎ ማድረስ ግን አይቻልም። ፖስታ ቤታችንም ቢሆን ደብዳቤን ወደ ፖስታ ሣጥን እንጂ ወደ በር ማድረስን ስላላስለመደን፣ «ፖ.ሣ.ቁ.» የሚለው አድራሻ የሚነግረን ደብዳቤው የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው፤ ሰውዬው የት እንደሚኖር አይነግረንም።

አሁን ወደ ዘዴው ልግባ። ፕላስ ኮድ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን የተሠራው በዙሪክ በሚገኘው የጉግል የምህንድስና ቢሮ ነው። አሠራሩ ሲታይ ከቀላውዴዎስ በጥሊሞስ ዘመን የዘለቀ ሐሳብ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ይኖር የነበረው በጥሊሞስ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቦታዎችን እያንዳንዳቸውን በሁለት ቁጥሮች፣ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ መዝግቦ ነበር። ማንኛውም ቦታ በሁለት ቁጥር ብቻ ሊነገር እንደሚችል ያሳየው ይህ ነው። ችግሩ ቁጥሮቹ ረጅምና ለአፍ የማይመቹ መሆናቸው ነው፤ አንድን በር ለይቶ ለማመልከት ከነጥብ በኋላ አራት አምስት አሃዝ ያላቸው ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ እነዚያን ደግሞ በስልክ አንብቦ ሳይሳሳት የጨረሰ ደንበኛ አላጋጠመኝም።

ፕላስ ኮድ እነዚያን ሁለት ቁጥሮች በ20 ምልክቶች መልሶ ይጽፋቸዋል፤ ከ2 እስከ 9 ያሉ 8 አሃዞችና 12 የላቲን ፊደላት ናቸው። ዓለም በመጀመሪያ ጎንና ጎናቸው 20 ዲግሪ በሆኑ ሰፋፊ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን እንደገና ለ400 ይከፈላል፤ ከእነዚያም እያንዳንዱ እንደገና ለ400 ይከፈላል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በየደረጃው ሁለት ምልክት ይጨመራል፤ አንዱ ለሰሜንና ደቡብ፣ አንዱ ለምሥራቅና ምዕራብ። አሥር ምልክት ሲሞላ በአዲስ አበባ ወርዱም ቁመቱም 14 ሜትር ገደማ በሆነ አንድ ቦታ ላይ እናርፋለን፤ ይህም የአንድ መካከለኛ ግቢ ስፋት ነው። ከስምንተኛው ምልክት በኋላ የመደመር ምልክት ስለሚገባ ነው «ፕላስ» የተባለው። የከተማውን ስም ለሚጠቅስ ሰው የመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች ሊቀሩ ይችላሉ፤ የቀሩት ስድስቱ ከ«አዲስ አበባ» ጋር ሲጻፉ ይበቃሉ።

ስሌቱ ክፍት ነው፤ ማለትም ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ወስዶ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ ኮዱን ለማውጣትም ሆነ ወደ ቦታ ለመመለስ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ይህ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ብልጫው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በለንደን የተመሠረተው ዋት ስሪ ዎርድስ ዓለምን ጎናቸው 3 ሜትር በሆነ 57 ትሪሊዮን አራት ማዕዘኖች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሦስት ቃላት ሰጥቷል፤ ቃላት ከፊደላት ይልቅ በቃል ለመያዝ እንደሚቀሉ አልክድም። ስሌቱ ግን የኩባንያው ንብረት ነው። የሰው ቤት አድራሻ በአንድ ኩባንያ ፈቃድ ላይ እንዲንጠለጠል አልፈልግም፤ በዚህ ነገር አቋሜ ጽኑ ነው።

አዲስ አበባን በተመለከተ ለማንም ጠቃሚ የሆነ አንድ ነገር አለ። 9ኛው የኬክሮስ መስመር ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል፤ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ መንገድ ላይ እንሻገረዋለን። የፕላስ ኮድ አራት ማዕዘኖች ደግሞ በሙሉ ዲግሪ ላይ ስለሚቆረጡ፣ ከመስመሩ በላይ ያሉት ቤቶች ሙሉ ኮድ በ«6 ጂ ኤክስ ደብልዩ» ሲጀምር፣ ከመስመሩ በታች ያሉት በ«6 ጂ ደብልዩ ደብልዩ» ይጀምራል። በአጭሩ ኮድ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ከመስመሩ በላይ ያለ ቤት በ2 ሲጀምር በአጥር የሚገናኘው የታች ጎረቤቱ በኤክስ ይጀምራል። 2 ከምልክቶቹ ሁሉ የመጀመሪያው፣ ኤክስ የመጨረሻው ናቸው። ሞተረኞቻችን በመጀመሪያው ሳምንት ይህን አይተው «ኮዱ ተሳስቷል» ብለውኝ ነበር። ካወቁት በኋላ ግን ጠቅሟቸዋል፤ በ3 የሚጀምር ትዕዛዝ ሲመጣ ወደ እንጦጦ በኩል፣ በ2 ሲጀምር መካከለኛው ከተማ፣ በኤክስ ወይም በደብልዩ ሲጀምር ከቦሌ ወደ ደቡብ መሆኑን ኮዱን ብቻ በማየት ይለያሉ፤ ዕቃቸውንም በዚያው ቅደም ተከተል ይጭናሉ። ሁለተኛው ምልክት ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነግራቸዋል፤ ሜክሲኮ አደባባይ ፒ ላይ፣ መስቀል አደባባይ ኪው ላይ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች እያለ ያደገ ሰው ከተማውን በእንዲህ ያለ መረብ ማንበብ ሲጀምር ማየት ደስ ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ካርታ ታሪክ የማስበውን ጥቂት ብናገር ከግምገማው አይወጣም፤ ዘዴውን የምመዝንበት ሚዛን የተገኘው ከዚያ ነውና። የአገራችን ጥሩ ካርታዎች የተሠሩት የአገሩን ሰው በጠየቁ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1450 አካባቢ በቬኒስ አጠገብ በሙራኖ ደሴት ይኖር የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ ዲያሜትሩ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ የዓለም ካርታ ሠራ። ደቡቡ ወደ ላይ ነው። በካርታው ላይ በጻፈው ማስታወሻ፣ ስለዚህ አገር የሣለውን ያገኘው ከዚያው ከተወለዱ መነኮሳት መሆኑን፣ እነርሱም አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው እንደሣሉለት ይመሰክራል። ስማቸውን አላቆየልንም፤ አባይና አዋሽ ግን በካርታው ላይ አሉ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጎታ ጋብዞ ስለ አገሩ ሲጠይቃቸው ከረመ፤ በ1683 ያወጣው የኢትዮጵያ ካርታም ከእርሳቸው የሰማውን ኢየሱሳውያን ካመጡት ጋር አስተያይቶ የሠራው ነው። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ በጀርመን አዳራሽ ተቀምጠው «ይህ ወንዝ ከዚህ ተራራ ሥር ወጥቶ በዚህ በኩል ይዞራል» ሲሉ ይታየኛል፤ ደንበኛዬ በስልክ «ወፍጮ ቤቱን አለፍ ስትል» ከምትለኝ የሚለይ አይመስለኝም።

እኛም ብንሆን የራሳችን የካርታ አሳሳል ነበረን። በአንዳንድ የብራና መጻሕፍት ውስጥ አክሱም መካከል ላይ ተጽፋ፣ በዙሪያዋ በክብ መስመር የነፋሳቱና የአቅጣጫዎቹ ስም፣ ከዚያ ውጭ ባለው ክብ ደግሞ የትግራይ አውራጃዎች ስም በየማዕዘናቸው የተደረደሩባቸው ሥዕሎች ይገኛሉ። ርቀት አይነግሩም፤ ከመካከለኛዋ ከተማ ተነሥቶ ማን በየት በኩል እንደሚገኝ ግን ይነግራሉ። «ፊት ለፊት» እና «ጀርባው ላይ» የሚለው የስልክ አነጋገራችን በቀለምና በብራና ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ መጨረሻ እስከ 1848 በአገራችን ቆይቶ ከተራራ ተራራ እየወጣ በመሣሪያ ማዕዘን ለካ። ማዕዘኑን ለመለካት መሣሪያው ቢበቃውም የእያንዳንዱን ጫፍ ስም ግን አብሮት ከቆመው እረኛ ወይም መንገደኛ ሳይጠይቅ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ በኋላም የአማርኛ መዝገበ ቃላት እስከማዘጋጀት ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ግን ልኬቱ ከሰው አፍ እየራቀ ሄደ። በ1960ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ቡድን በአውሮፕላን ፎቶግራፍና በምድር ልኬት ሰፊ ሥራ ሠራ፤ የአገሪቱ ልኬት መነሻም አዲንዳን ከተባለ፣ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከሚገኝ የልኬት ነጥብ ጋር ተያያዘ። ይህ የሩቅ ታሪክ ቢመስልም ፕላስ ኮድ ለሚጠቀም ሰው ዛሬም ይገጥመዋል። በአዲንዳን ላይ ከተመሠረተ የድሮ የወረቀት ካርታ ወይም የቦታ ፕላን ቁጥር ወስዶ ሳያስተካክል ስልኩ ላይ የሚያስገባ ሰው፣ ስልኩ የሚሠራበት የሳተላይት ልኬት መነሻው ሌላ በመሆኑ፣ ቦታውን በሰሜንና ደቡብ ብቻ 200 ሜትር ገደማ አዛብቶ ያገኘዋል። በአዲስ አበባ 200 ሜትር ማለት ሌላ ሰፈር ነው። ስለዚህ ከቦታ ፕላን ኮድ ለማውጣት የምትሞክሩ ተጠንቀቁ፤ ኮዱ መውጣት ያለበት ከሳተላይት ምስሉ ላይ ነው።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ኮዱን ማግኘት ቀላል ነው። የጉግልን ካርታ ከፍቶ፣ የሳተላይቱን ምስል መርጦ፣ በራስ ቤት ጣሪያ ላይ ጣትን ጫን አድርጎ መያዝ ይበቃል፤ ኮዱ ከታች ይወጣል። ከሰማያዊዋ ነጥብ ላይ ከመውሰድ ግን ጣሪያን መንካት ይሻላል። ስልክ በገላጣ ቦታ ላይ አምስት ሜትር ገደማ ሊሳሳት ይችላል፤ በፎቆች መካከል ደግሞ ከዚያ በላይ ይርቃል፤ በ14 ሜትር መረብ ላይ ይህ ስሕተት የጎረቤትን ኮድ ለመስጠት ይበቃል። እኛ ኮዱን አንዴ ከደንበኛው ጋር ሆነን ካወጣን በኋላ በደብተራችን ስለምንጽፈው ሁለተኛ ጊዜ አንጠይቅም። ቤቱ ከመንገዱ ጋር ያለው ግንኙነት ቢቀየር፣ ወፍጮ ቤቱ ቢፈርስ፣ ወረዳው ስሙን ቢለውጥ፣ ኮዱ አይለወጥም። በመልሶ ማልማት መካከል ለሚገኝ ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«በቴሌግራም ሎኬሽን መላክ እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ላኪውም ተቀባዩም ዘመናዊ ስልክና ዳታ ካላቸው ሎኬሽን መላክ ፈጣን ነው፤ እኛም እንጠቀምበታለን። ነገር ግን ሎኬሽንን በአፍ ማንበብ፣ በሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ ማተም፣ በለቅሶ ቤት ማስታወቂያ ላይ መጻፍ ወይም በቀላል ስልክ ለሚያወራ አጎት መንገር አይቻልም። ኮዱ በእርሳስ ይጻፋል። በህንዷ ኮልካታ መደበኛ አድራሻ በሌላቸው ሰፈሮች ኮዱን በየቤቱ በር ላይ መለጠፍ የተቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድክመቶቹም አሉ፤ አንዱን ከሌላው አብልጬ እመለከተዋለሁ። ቀላሉን ላስቀድም። ኮዱ ከፍታን አያውቅም። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ያሉ ቤቶች ሁሉ አንድ ኮድ ላይ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ብሎክ፣ ፎቅና የቤት ቁጥር የግድ አብረው መጻፍ አለባቸው። ኮዱ የትኛው በር እንደሚከፈትም አይናገርም፤ አንዳንድ ግቢ ጣሪያው በአንድ መንገድ፣ በሩ ግን ዞሮ በሌላ መንገድ ነው። እነዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታረሙ ናቸው። ሞተረኞቻችን ከኮዱ ሥር «በሩ በወፍጮ ቤቱ በኩል» ብለው ሲጽፉ ነገሩ ያበቃል።

ዋናው ድክመት ፊደሉ ነው። የዘዴው ፈጣሪዎች ምልክቶቹን ሲመርጡ ተጠንቅቀዋል፤ እርስ በርስ የሚምታቱ ፊደላትን አስወጥተዋል፣ ኮዱ በአጋጣሚ ቃል እንዳይሆን አናባቢዎቹን ትተዋል። ጥንቃቄው ግን ለላቲን አንባቢ ዓይን የተደረገ ነው። በአማርኛ ጆሮ፣ በስልክ መስመር ላይ፣ ጂ እና ጄ፣ ፒ እና ቪ በቀላሉ ይደበላለቃሉ። ስሕተቱ የሚያስከትለው ርቀት ደግሞ ፊደሉ በተቀመጠበት ቦታ ይወሰናል። በመጨረሻው ቦታ ላይ ጂ የነበረው ጄ ቢሆን 28 ሜትር ነው፤ ሞተረኛው ጮክ ብሎ ቢጣራ ይሰማል። በአጭሩ ኮድ ሁለተኛ ቦታ ላይ ፒ የነበረው ቪ ተብሎ ቢጻፍ ግን 16 ኪሎ ሜትር ተኩል ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ የሜክሲኮ ደንበኛ ድፎ ከአያት ወዲያ ይደርሳል። ይህ በእኛው ቤት፣ በእኛው ጆሮ ጥፋት ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛው ኮዱን ሲነግረን የሰፈሩንም ስም ሳንሰማ ስልክ አንዘጋም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የላቲኑን ፊደል የማያነቡ ሰዎች ነገር ነው። በሽሮ ሜዳ የሚኖሩ አንዲት እናት ደንበኛ አሉን። ዳዊት የሚደግሙ፣ ዓይናቸው ገና ያልደከመ፣ ጽሑፋቸው የሚያምር ሴት ናቸው። ኮዳቸውን የልጅ ልጃቸው አውጥቶ በወረቀት ጽፎ በበሩ ጀርባ ለጠፈላቸው። በበዓል ዋዜማ ሲደውሉ ግን ልጁ ትምህርት ቤት ነበር። «ልጄ፣ ሦስት ይላል፣ ከዚያ ጅራት ያላት ክብ አለች፣ ከዚያ ስድስት» እያሉ የእያንዳንዱን ፊደል መልክ ነገሩኝ። እስከ መጨረሻው አደመጥኳቸው፤ ክቧ ኪው መሆኗን አወቅሁ፤ የቀረውን ግን መለየት አቃተኝ። በመጨረሻ «ተወው፣ ከጸበሉ መውረጃ አለፍ ብሎ ነው፣ ልጅ እልካለሁ» አሉኝ። ያን ዕለት ያዘንኩት ማንበብ የሚችል ሰው የገዛ ቤቱን አድራሻ ማንበብ እንዳይችል መደረጉ ላይ ነው። ለፍራ ማውሮ አገራቸውን የሣሉለት መነኮሳት የቦታዎቹን ስም በገዛ አፋቸው ብለውታል።

ይህን ማስተካከል አስቸጋሪ አይደለም፤ ስሌቱ ክፍት ነው ያልኩትም እዚህ ላይ ይጠቅማል። አሃዞቹ እንዳሉ ቢቀሩ የሚያስፈልጉት 12 ፊደላት ብቻ ናቸው። ከግዕዝ ቤት ብንመርጥ በድምፅ የሚመሳሰሉትን ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንተዋለን፤ በእጅ ጽሑፍ በአንዲት ጭረት ብቻ የሚለዩትን ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨንም እንተዋለን። ከቀሩት ውስጥ መ፣ ረ፣ ቀ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ወ፣ ዘ፣ ደ፣ ገ፣ ፈ ተብለው ቢደረደሩ በዓይንም በጆሮም ይለያያሉ። አንድ መዘዝ አለው፦ የእኛ ፊደል አናባቢውን በውስጡ ስለያዘ፣ የላቲኑ ዘዴ የሸሸውን ማለትም ኮዱ ቃል መሆንን ልንሸሸው አንችልም። የአንድ ሰው ቤት «ነገደ» ወይም «ደበቀ» ተብሎ ሊወጣ ይችላል። የሚያስቀይም ቃል የሚወጣበት አጋጣሚ ይኖራልና ሊታሰብበት ይገባል፤ በሌላ በኩል ግን ቃል የሆነ ኮድ አይረሳም።

ለማነፃፀር ያህል፣ መስቀል አደባባይ በዚህ አጻጻፍ «6ቀፈገ2ወ66» ብሎ ይጀምራል። በላቲኑ «6 ጂ ኤክስ ደብልዩ 2 ኪው 66» ከማለት ይልቅ የትኛው ለአፍ እንደሚቀል አንባቢ ራሱ ጮክ ብሎ ይሞክረው።

ለአገልግሎቱ ያለኝ አጠቃላይ አስተያየት ጥሩ ነው፤ ዕቃ የምታደርሱ፣ ታማሚ የምትጎበኙ፣ ለሠርግ እንግዳ የምትጠሩ ሁሉ እንድትጠቀሙበት እመክራለሁ፤ የምትጽፉትም ኮዱን፣ የሰፈሩን ስም፣ ፎቅ ካለ ፎቁን፣ በመጨረሻም እናንተው በአፋችሁ የምትናገሩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን። ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ፤ የቀረው አንዱ የፊደሉ ነው። እኛ በበኩላችን የ12ቱን ፊደላት ሠንጠረዥ በካርቶን ላይ ጽፈን ከስልኩ ጠረጴዛ በላይ ሰቅለነዋል፤ ኮዱን በግዕዝ ፊደል የሚነግረን ደንበኛ ሲደውል ስልክ የሚያነሣው ልጅ ከካርቶኑ እያየ ወደ ላቲን ይመልሰዋል። የመጀመሪያውን ወረቀት ጽፌ የወሰድኩት ለሽሮ ሜዳዋ እናት ነበር፤ በበሩ ጀርባ የድሮው በነበረበት ቦታ በገዛ እጃቸው ለጠፉት። ለፋሲካ ሲደውሉ «ሦስት፣ ወ፣ ስድስት» ብለው ጀምረው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ አነበቡልኝ፤ ቀጥለውም ሁለት ድፎ አዘዙ።